የኮተኑ ሜዳሊያ እና የ38 ብር ዕዳ

ለነጋዴ ሰው መያዣ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ድንበር እየተሻገረ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ቀን አስይዟል፣ አለዚያም ተቀብሏል። ጭነት ኬላ ላይ ሲቆም ሰዓታችንን እናስይዛለን፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ የእናታችንን ሐብል እናስይዛለን፤ ቀን ሲወጣ ዕዳችንን ከፍለን ንብረታችንን እንወስዳለን። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ባለቤቱ ሳይወስደው ከ45 ዓመት በላይ እኛ ቤት ስለተቀመጠ መያዣ ነው። ሐብል አይደለም፣ ሰዓትም አይደለም። የእግር ኳስ ሻምፒዮና ሜዳሊያ ነው።

እኛ ሦስት ነን። ታላቋ እህታችን ጅቡቲ ከተማ ጨርቅና ሽቶ ትሸጣለች። መካከለኛው ወንድማችን ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ሱቅ አለው። ታናሿ ድሬዳዋ ከእናታችን ጋር ቀርታ ቀፊራ ገበያ ትነግዳለች። ንግድ የተማርነው ከአንድ ሱቅ ነው። አባታችን ለገሃሬ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እናታችን በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዳ ጨርቅና ሳሙና ይዛ ትመለሳለች፤ አባታችን ይሸጣል፤ ለሚያምነውም በዱቤ ይሰጣል። የሚያምነው ሰው ደግሞ ብዙ ነበር። እናታችን በዚህ ስትቆጣው፣ «አቦ ተይ፣ ሰው የት ይሄዳል?» ይላት ነበር።

ሜዳሊያው የሚቀመጠው ከእንጨት ሳጥኑ ሥር፣ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ ነበር። እኛ ልጆቹ እንዳንነካው ተከልክለናል፤ ስለዚህ አዘውትረን እንነካው ነበር። ክብ ነው፤ ከአምስት ሣንቲም ብዙም አይበልጥም። አንድ ፊቱ ላይ ኳስ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቅጠል ተቀርጾበታል። ሌላው ፊቱ ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል። ስም የለውም፤ ዓመተ ምሕረት የለውም። ከላይ የተበሳው ቀዳዳ እንኳ ጠማማ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ምን እንደሆነ ለመናገር አላፈርንም፦ «አባታችን ለኮተን ተጫውቶ ያገኘው ነው!» እንል ነበር። አንድ ቀን አባታችን ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። ጠራንና፣ «የሰው ነው። አደራ ነው። ሁለተኛ የእኛ ነው እንዳትሉ» አለን። ከዚያ በኋላ ስለ ሜዳሊያው ማውራት አቆምን፤ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ልጅ የሚጠይቀው የሚያጓጓውን ነው። የሰው መሆኑን ስንሰማ ጉጉታችን ጠፋ።

ድሬዳዋ ያላደጋችሁ አንባቢዎቻችን «ኮተን ምንድን ነው?» ብትሉ አንፈርድባችሁም። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው። በዚያ ዘመን የክለቦቹ ስም ራሱ የሥራ ቦታ ነበር፦ ቴሌ፣ መቻል፣ ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በኋላ ደግሞ መብራት ኃይል። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1944 (የክለቦቹን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እናስቀምጣለን) ሲጀመር ዋንጫውን የወሰደው አገር ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ነው። ከዚያ የጦሩ ቡድን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ቡድኖች ተፈራረቁበት። በ1960 ግን ዋንጫው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ኮተን በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 ሻምፒዮን ሆነ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ። አምስተኛውን ለማየት ደግሞ እስከ 1983 ተጠበቀ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ሲወስድ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቺያኖ አሥመራ ተወልዶ ያደገ፣ የኮተንንም መለያ ለብሶ የተጫወተ ሰው ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድም ኮተን ነበር። የማጠቃለያው ውድድር በ1965 መጀመሪያ አክራ ላይ ሲደረግ የቀሩት አራት ክለቦች ብቻ ነበሩ፦ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያን፣ የጋናው ሪል ሪፐብሊካንስና የድሬዳዋው ኮተን። ኮተን በስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደ። ቢሆንም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን በአህጉሩ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ነበር። ኢስሊ ያለው ወንድማችን የጎር ማሂያ ደጋፊ ጎረቤቶቹ በ1987 ኤስፔራንስን ከሜዳ ውጭ ባገባ ብልጫ አሸንፈው ስለወሰዱት የአፍሪካ ዋንጫ ሲያወሩ ይሰማል። ይገባቸዋል፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የክለብ ታሪክ ትልቁ ነው። እሱ ግን አንዳንዴ፣ «እኛም እኮ አክራ ደርሰናል» ይላቸዋል። ማንም አያምነውም።

ከዚህ ሁሉ እኛ የተረዳነው አንድ ነገር አለ። ዋንጫ የክለብ ነው፤ ሜዳሊያ የሰው ነው። ዋንጫ በመስታወት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሥራ አስኪያጅ ይረከበዋል፤ ሲሻር ለተተኪው ያስረክባል። ሜዳሊያ ግን በዚያው ማታ በኪስ ገብቶ ወደ ቤት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የክለቡ ታሪክ መሆኑ ይቀርና የቤተሰብ ታሪክ ይሆናል። አንዱ ለሚስቱ ይሰጠዋል፣ አንዱ ልጁ ይጥልበታል፣ አንዱ ከአገር ሲወጣ ይዞት ይሄዳል፣ አንዱ ሲቸግረው ያስይዘዋል። ስለዚህ የአንድ ክለብን የሜዳሊያ ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ክለቡ ደጅ ቢቆም አያገኘውም። የሰው ሳጥን መክፈት አለበት።

የእኛ ሳጥን የተከፈተው በችግር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንድማችን ዕቃ ወደብ ላይ ቆመ። የወረቀት ችግር ነበር፤ የማን ጥፋት እንደሆነ እዚህ አንዘረዝርም። የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። እንደምታውቁት እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚሸጥ ነገር ሲፈልግ የማያስበው ነገር የለም። ናይሮቢ ውስጥ የድሮ ስፖርት ዕቃ የሚሰበስብ አንድ ሰው ተዋወቀው። የሜዳሊያውን ፎቶ በዋትስአፕ አሳየው። ሰውዬው፣ «የ1960ዎቹ የኮተን መሆኑን የሚመሰክር ሰው ካመጣህ 1,500 ዶላር እሰጥሃለሁ» አለው።

በዚያ ሳምንት ሦስታችን በስልክ ያልተባባልነው ነገር የለም። ወንድማችን ያቀረበው ክርክር ቀላል አልነበረም። በ1966 የዓለምን ዋንጫ ከእንግሊዝ ጋር የወሰደው አለን ቦል እንኳ በ2005 ሜዳሊያውን ለጨረታ አቅርቧል አለን፤ አንድን ሜዳሊያ ለሦስት ልጆች ማካፈል ስለማይቻል ገንዘቡን ለልጆቹ መተው መርጦ ነው። ፔሌም በ2016 ለንደን ላይ ሜዳሊያዎቹን ሸጧል። «እነሱ የሸጡትን እኛ ለምን እናቅፋለን? እኛስ ሦስት ልጆች አይደለንም እንዴ?» አለ። ጅቡቲ ያለችው እህታችን ዝም አለች፤ ዝምታዋም ወደ መስማማት ያዘነበለ ነበር። እሷም ብድር ነበረባት። ድሬዳዋ ያለችው ታናሻችን ብቻ፣ «መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ» ብላ ሜዳሊያውን ይዛ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄደች።

ወርቅ ሠሪው ድንጋዩ ላይ ፈተገው፤ አሲድ ጠብ አደረገበት። መስመሩ ወዲያው ጠፋ። «ነሐስ ነው፤ ላዩ ብቻ ወርቅ ተቀብቷል» አላት። «ለእኔ ብትሸጪልኝ የአንድ ቀን የሻይ ዋጋ ነው።» አየሩ ሞቃት ነበርና አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጣት። ትንሽ አሰብ አድርጎም፣ «ግን ማን ነው ያሸነፈው?» አላት። መልስ አልነበራትም።

ማታ እናታችንን ጠየቀቻት። እናታችን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰማቻትና፣ «ደብተሩን አምጪው» አለቻት።

የአባታችን የዱቤ ደብተሮች አብዛኞቹ የሉም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ሱቁን ውኃ ገባበት። በዚያ ሌሊት ከተማችን ከ200 በላይ ሰው አጥታለች፤ ስለዚህ ስለ ደብተር ማልቀስ ነውር ነበርና አላለቀስንም። እናታችን ያተረፈችው ሳጥኑንና ከላዩ የነበሩትን ሁለት ደብተሮች ነው። አንደኛው ውኃ ጠጥቶ ደርቋል፤ ገጹ ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል። የምንፈልገው ገጽ እዚያ ውስጥ ነበር። ቀለሙ ፈሶ ስሙን በልቶታል። የሚነበበው ይህ ነው፦ «ሐምሌ 12 ቀን 1969። … የኮተኑ። ዱቄት 25 ኪሎ፣ ዘይት፣ አቡጀዲ 6 ክንድ። 38 ብር። መያዣ ሜዳሊያ 1። ባቡር ሲከፈት ይከፍላል።» ከሥሩም በሌላ ቀለም፣ ምናልባት ከዓመታት በኋላ፣ «አይሸጥም» ተብሎ ተጽፏል።

1969ን የሚያስታውስ ሰው «ባቡር ሲከፈት» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሶማሊያ ጦርነት የተጀመረበት ዓመት ነው። መስመሩ ተቆርጦ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ቆሟል፤ በነሐሴ ደግሞ ጦሩ የድሬዳዋ ደጅ ደረሰ። ያን ጊዜ ዱቄት በዱቤ የሰጠ ሰው ዱቄቱን ብቻ አልነበረም የሰጠው። ሜዳሊያውን ያስያዘም ሰው ያስያዘው ነሐስ ብቻ አልነበረም።

እናታችን ሰውዬውን ታስታውሰዋለች። ስሙን ግን አታውቀውም፤ «አባታችሁ ‹የኮተኑ› ነበር የሚለው» አለች። ግራ እግሩን ትንሽ ያነክስ ነበር። ሕፃን ልጅ አቅፎ ነበር። ሜዳሊያውን ሲያስቀምጥ ባንኮኒው ላይ አልጣለውም፤ በመሐረብ አድርጎ በእጁ ሰጠ። መሐረቡም ያው አሁን ያለው ነው። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ናይሮቢ ላለው ልጇ እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ ያ እንግሊዛዊ የሸጠው የራሱን ነው። አንተ ልትሸጥ የፈለግኸው የማንን ነው?»

ወንድማችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እሺ እማዬ» አለ። ዕቃው ከወደቡ የወጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በኪሳራ። ይህንንም እንጻፈው፤ ታሪኩ ሁሉ ጣፋጭ እንዳይመስል። 1,500 ዶላሩ ያን ጊዜ በጣም ያስፈልገን ነበር።

ስሙ የጠፋን ሰው እንዴት ይፈልጉታል? ታናሻችን ወደ ከዚራ ሄደች። እዚያ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ፋብሪካው ውስጥ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ናቸው። ሜዳሊያውን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ወዲያው ጠብ ሆነ። አንዱ የ1962 ነው አለ፤ ሌላው «አቦ፣ ምን ታውቃለህ! የ1965 ነው» ብሎ ተነሣ። ቡድኑን ከግብ ጠባቂው ጀምረው ሲቆጥሩ አሥራ አንዱ አሥራ አራት ሆነ። ስለ ልምምዱ ነገሯት፤ ሰው ከሽመናው ክፍል ጥጥ ፀጉሩ ላይ እንደሆነ ወደ ሜዳ ይሮጥ እንደነበር። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ላይ ሲደረግ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ድሬዳዋ ላይ መጫወታቸውንም ነገሯት፤ «ሞሮኮ ዋንጫውን የጀመረችው እዚህ ነው» አሉ። ታናሻችን ሁሉን ሰማችና፣ «አባባ፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ ነበረ?» አለች።

ጸጥ አሉ። ከመካከላቸው ትንሽ የተናገረው ሰው፣ «ተጠባባቂው» አለ። «ጉልበቱን ልምምድ ላይ ተጎድቶ ነው። ጥሩ ልጅ ነበር። ባቡሩ ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ጅቡቲ ወረደ። ወደብ ላይ ጭነት ይሠራል ሲባል ሰምተን ነበር።»

ተጠባባቂ ሰው ሜዳሊያ ማግኘቱ ራሱ በየስፍራው የተለመደ አልነበረም። በዓለም ዋንጫ እንኳ ለብዙ ዘመን ሜዳሊያ የሚሰጠው በፍጻሜው ሜዳ ላይ ለነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ነበር። ከ1930 እስከ 1974 ባሉት ውድድሮች አሸናፊ ቡድን ውስጥ ሆነው ያልተጫወቱት ሜዳሊያ እንዲሰጣቸው ፊፋ የወሰነው በ2007 ነው። እስከዚያ ብዙዎቹ ሞተዋል። የእኛው ተጠባባቂ ግን በዚያን ጊዜ አግኝቷል። አግኝቶም ለ25 ኪሎ ዱቄት አስይዞታል።

ቀሪው የታላቋ እህታችን ሥራ ሆነ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የእኛ ሰው የት እንደሚሰባሰብ ታውቃላችሁ፦ ቤተ ክርስቲያን፣ ቡና ቤት፣ የጨርቅ ገበያው። ሁለት ወር ጠየቀች። ወደብ ላይ ይሠሩ የነበሩ የድሬ ሰዎችን ዝርዝር በቃል ለቀመች። በመጨረሻ አንዲት ሴት፣ «የኳስ ተጫዋቹን ልጅ ነው የምትፈልጊው? ባልባላ ላሆህ ትሸጣለች» አለቻት።

ሄደች። እኛ ነጋዴዎች ነንና የጠፋ ዕቃ «የእኔ ነው» ላለ ሁሉ አይሰጥም፤ ምልክቱ ይጠየቃል። እህታችን ሜዳሊያውን አላሳየችም፤ ፎቶውንም አላወጣችም። ላሆህ ገዝታ ተቀመጠችና፣ «አባትሽ ድሬዳዋ አንድ ነገር ትተው ነበር?» አለቻት። ሴትየዋ ምጣዱን ከእሳት አወረደች። «ሜዳሊያ» አለች። «ጆሮው ተሰብሮበት በፋብሪካው ወርክሾፕ በምስማር የበሳው። ቀዳዳው ጠማማ ነው ይል ነበር። በእናቴ መሐረብ ጠቅልሎ ነው የሰጠው።»

ከዚያ በኋላ ምልክት አልተጠየቀም።

ሰውዬው ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ልጁ የነገረችን ነገር ግን እስካሁን ያስጨንቀናል። አባቷ ወደብ ላይ ጭነት ሲሸከም፣ ከሥራ በኋላ ሰዎች ስለ ኳስ ሲያወሩ፣ «እኔ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበርኩ» ይል ነበር። ይስቁበታል። «ሜዳሊያህ የታለ?» ይሉታል። «ድሬ፣ ሰው ጋ አስቀምጬዋለሁ» ሲል የበለጠ ይስቃሉ። ስም አወጡለት፦ «ሻምፒዮኑ» እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ ለቀልድ። እሷም ስታድግ ማመን አቃታት። ሊሞት ሲል አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ፣ «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። እሱም፣ «ሱቁ ለገሃሬ ነው። 38 ብር አለበት» አላት። እሷ ግን አልሄደችም። ለመሄድ ማመን ያስፈልግ ነበር።

እህታችን ይህን በስልክ ስትነግረን ሦስታችንም አለቀስን። አባታችን አደራ ጠብቋል፤ ስለ እሱ ኮርተናል። ነገር ግን እሱ ጠብቆ ባስቀመጠው ዓመት ሁሉ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ከተማ ሌላ ሰው ውሸታም ይባል ነበር። አንድ ደብዳቤ በቂ ነበረ። እናታችን በየወሩ ጅቡቲ ትወርድ ነበር። እኛም አድገን በዚያው መንገድ ስንመላለስ ኖረናል። «የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። መጠበቅ ብቻውን ግን ግማሽ ነው፤ ባለቤቱን መፈለግ ሌላው ግማሽ ነው። እኛ ግማሹን ብቻ ሠርተን «ታማኝ ቤተሰብ» ስንባል ኖርን።

እናታችን ሜዳሊያው በነፃ ይመለስ አለች። ሴትየዋ እምቢ አለች። «ዕዳ ሳይከፈል መያዣ አይወጣም። አባቴ ቁጥሩን የነገረኝ እንድከፍል ነው» አለች። 38 ብር ዛሬ ምን እንደምትገዛ ታውቃላችሁ። ሆኖም አንድም ሣንቲም አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም፤ ወለድም አልተነሣም። ብሩን ከድሬ ከሚመጡ ነጋዴዎች ለቅማ በእጇ ለእህታችን ሰጠች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ደብተሩ ላይ ያለው መስመር ሲሰረዝ በፎቶ ማየት። ታናሻችን የሚንኮሻኮሸውን ገጽ ገልጣ፣ እናታችን በምትንቀጠቀጥ እጇ መስመሩን አሰመረችበት። የጠፋው ስም ቦታ ላይም፣ ልጁ የነገረችንን ስም አሟልተን ጻፍን። ስሙን እዚህ አናወጣም፤ የእነሱ ነው።

የቀረው ሜዳሊያውን ማሻገር ነበር። እህታችን ለፋሲካ ድሬ መጥታ ስትመለስ ይዛው ሄደች። ደወሌ ላይ ፈታሹ ቦርሳዋን ሲከፍት መሐረቡን ፈታው።

«ወርቅ ነው?»

«አይደለም፤ ቅብ ነው።»

«የማን ነው?»

«የአደራ ነው፤ ለባለቤቷ ላደርስ ነው።»

«ዋጋው ስንት ነው?»

በዚያ መንገድ ሠላሳ ዓመት ስትመላለስ ስንት ጊዜ ተጠይቃለች! ስንት ጊዜስ ዋጋ ዝቅ አድርጋ ተናግራለች! ይህንን ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደብቀውም። በዚያን ቀን ግን እውነተኛውን ተናገረች፦ «38 ብር።» ፈታሹ ሳቀና መሐረቡን መልሶ ጠቀለለው።

ዛሬ ሜዳሊያው ባልባላ፣ ላሆህ ከሚጋገርበት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር ተሰቅሏል። ወደብ ላይ አብረውት ከሠሩት በሕይወት ያሉ ሁለት ሽማግሌዎችን ጠርታ አሳይታቸዋለች። አንደኛው ለረጅም ጊዜ እጁ ላይ ይዞት ቆየና፣ «ሻምፒዮኑ» አለ ብላ ነገረችን። እንደ ድሮው ለቀልድ አልነበረም።

አንባቢዎቻችን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2022 ጣሊያን አገር አርፏል። የዚያ ትውልድ ሰዎች አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። አምስቱ የኮተን ሻምፒዮናዎች በመዝገብ ላይ አምስት ቁጥር ናቸው፤ ሜዳሊያዎቹ ግን በየሰው ሳጥን፣ በድሬ፣ በአሥመራ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲና ከዚያም ባሻገር ናቸው። የሌሎች ክለቦችም እንዲሁ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ዛሬ ማታ አውጡት። የማን እንደነበር፣ በየትኛው ዓመት እንደተገኘ፣ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና አብራችሁ ጠቅልሉት። የእናንተ ካልሆነ ደግሞ ባለቤቱን ፈልጉ። በመንገዳችሁ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እኛ በየወሩ በባለቤቱ ደጅ ስናልፍ ኖረናል።

38 ብሩን አላወጣነውም። መሐረቡ በነበረበት ቦታ፣ ከሳጥኑ ሥር አስቀምጠነዋል።